ያለ ብረት የሚጋጠም እንጨት፤ የአንድ ያልተቋጨ ጥያቄ ዳሰሳ

በእንጨት ሕንፃ ላይ መሐንዲሱን እንቅልፍ የሚነሳው ምሰሶው ወይም አግዳሚው አይደለም፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። በአውሮፓ በብዛት የሚሠራበት፣ በደረጃ ምደባ ጂኤል 24ኤች የሚባለው በሙጫ የተነባበረ እንጨት በክሩ አቅጣጫ ሲወጠር በአንድ ስኩዌር ሚሊ ሜትር 19.2 ኒውተን ይችላል ተብሎ ይሰላል። ያው እንጨት ክሮቹን ጎን ለጎን የሚያላቅቅ ኃይል ሲመጣበት የሚታመንለት 0.5 ኒውተን ብቻ ነው። ልዩነቱ ሠላሳ ስምንት እጥፍ ይደርሳል። ኃይል አቅጣጫውን ቀይሮ እንጨቱን ከደካማ ጎኑ የሚያጠቃው ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ነው።

ለዚህ ችግር ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ የተሰጠው መልስ ብረት ነው፦ ምስማር፣ ብሎን፣ ጥርሳም ቆርቆሮ፣ በእንጨቱ ሆድ ውስጥ የሚቀበር ላሜራ። ባለፉት አርባ ዓመታት ግን በአውሮፓ፣ በጃፓንና በሰሜን አሜሪካ የሚገኙ ቤተ ሙከራዎችና አናጢዎች ያንን መልስ እንደገና እየመረመሩት ነው። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ «እንጨት እንጨትን መያዝ ይችላል ወይ?» በሚል ይቀርባል። ማስረጃውን በቅደም ተከተል ላየ ሰው ግን ይህ ጥያቄ ከሞላ ጎደል ተመልሷል፤ ይችላል። ያልተመለሰው፣ አቅሙ ሲያልቅ እንዴት ይሰበራል፣ ያንንስ በምን ስሌት አስቀድመን እናውቃለን የሚለው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ከምስማር በፊት

ብረት አልባ መጋጠሚያ ብረት ከመቅለጡ በፊት ነበረ። በዛምቢያ ካላምቦ ፏፏቴ አጠገብ የተገኙት፣ የላይኛው ከታችኛው ጋር ገጥሞ እንዲቀመጥ የተቦረቦሩ ሁለት ግንዶች 476,000 ዓመት ገደማ እንዳስቆጠሩ በ2023 በኔቸር መጽሔት ታትሟል፤ ዘመናዊው የሰው ዘር ገና ሳይታይ ማለት ነው። በጀርመን ላይፕዚግ አካባቢ የተቆፈሩት የድንጋይ ዘመን የውኃ ጉድጓዶች፣ ከ7,000 ዓመት በፊት በድንጋይ መሣሪያ የኦክ ሳንቃ እየጠረቡ በወንዴና ሴቴ የሚያጋጥሙ ገበሬዎች እንደነበሩ ያሳያሉ። በቻይና ሻንሺ ግዛት የሚገኘው የይንግሺየን ፓጎዳ በ1056 ተሠርቶ 67 ሜትር ገደማ ቁመቱን ይዞ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ጣሪያዎቹን የሚሸከሙት ተነባብረው የተጠላለፉ የእንጨት ድጋፎች ናቸው።

በእኛ አገር የታወቀው ምሳሌ ደብረ ዳሞ ነው። በአክሱማዊው አሠራር ግድግዳው በድንጋይና በእንጨት ይነባበራል። በግድግዳው ርዝመት የተጋደሙትን እንጨቶች ከውስጥም ከውጭም አንቀው የሚይዙት ግድግዳውን አቋርጠው የሚያልፉ አጫጭር ጉማጆች ናቸው። ጉማጁ እንጨቱን በሚያገኝበት ቦታ ተቦርቡሮ ስለሚነክሰው ግድግዳው ልከፈት ቢል አያስከፍተውም። ወደ ውጭ ብቅ የሚለው ክብ ጫፉ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል፤ የአክሱም ሐውልት ጠራቢዎችም ይህንኑ የአናጢ መፍትሔ ምንም በማይሸከምበት በድንጋይ ላይ ቀርጸውታል። የጎጆ ክዳን በልጥ ወይም በጠፍር መታሰሩም ለዚሁ ጥያቄ የተሰጠ ሌላ መልስ ነው፤ የዛሬው ምርምር ግን ከቀርከሃ በቀር በማሰር ላይ እምብዛም አልሠራም።

እዚህ ላይ አንድ ተደጋጋሚ ተረት መለየት ያስፈልጋል። ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎች ሲነገር «አንድም ምስማር አልነካቸውም» የሚለው ውዳሴ ብዙ ጊዜ ከማስረጃው ይቀድማል። በዓለም ካሉት የእንጨት ሕንፃዎች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የጃፓኑ ሆርዩጂ ቤተ መቅደስ በእጅ የተቀጠቀጡ የብረት ምስማሮች አሉት። የጥንቱ አናጢ ብረትን በመርህ አልጠላውም። ውድ ስለሆነበት ቆጠበው፣ ዋናውን ሸክም ለመጋጠሚያው ቅርጽ ትቶ ምስማሩን ለሚገባው ቦታ አዋለው።

ሁኔታው የተገለበጠው በዋጋ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ማሽን ምስማርን ሲያረክሰው፣ በ1830ዎቹ በቺካጎ አካባቢ ከቀጫጭን ጣውላና ከብዙ ምስማር የሚሠራው ቤት ተስፋፋ፤ በመሮ ወንዴና ሴቴ የሚያወጣው ባለሙያም ተፈላጊነቱ ቀነሰ። በ1950ዎቹ ፍሎሪዳ ውስጥ የተፈለሰፈው ጥርሳም ቆርቆሮ የጣሪያ ሥራን የፋብሪካ ምርት አደረገው። ከሁሉም በላይ ግን ዴንማርካዊው መሐንዲስ ዮሃንሰን በ1949 ያሳተመው ንድፈ ሐሳብ ለብረት ማያያዣ ትልቅ ጉልበት ሰጠው። ብረቱ በእንጨቱ ውስጥ እንዴት እንደሚጎብጥ፣ እንጨቱ ዙሪያውን እንዴት እንደሚደቅ አስልቶ የመጋጠሚያውን አቅም በጥቂት ቀመሮች የሚያወጣ ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ዛሬም የአውሮፓ የእንጨት ግንባታ ደንብ የሆነው የዩሮኮድ 5 መሠረት ነው። መሐንዲስ ብሎን ሲመርጥ ብረቱን ብቻ ሳይሆን ስሌቱንም ይገዛል። በዚህ ዳሰሳ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ጉዳይ ይኸው ነው።

ብረት የሚከሰስበት

የመጀመሪያው ክስ እሳት ነው። እንጨት ሲቃጠል ላዩ ወደ ከሰል እየተለወጠ ውስጡን ይከልላል፤ ለስላሳ እንጨት በደቂቃ 0.65 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚከስል ይሰላል። ብረት ግን ሙቀቱን ይዞ ወደ እንጨቱ እምብርት ይገባል። የዩሮኮድ 5 የእሳት ክፍል፣ ጎኖቹ እንጨት ለሆኑና ተጨማሪ መከላከያ ላልተደረገላቸው መጋጠሚያዎች የሚሰጠው በምስማርና በብሎን 15 ደቂቃ፣ ክብ የብረት ዘንግ ለተነዳባቸው 20 ደቂቃ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ክስ ግማሽ ነው፤ ላሜራው በቂ ውፍረት ባለው እንጨት ከተሸፈነ 60 ደቂቃና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ዛሬ የሚሠሩ ረጃጅም ሕንፃዎችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው እርጥበት ነው። በመዋኛ ገንዳ አዳራሽ፣ በከብት በረት፣ በጨው መጋዘን ብረት ይዝጋል፤ እንደ ኦክ ያለ አሲዳም እንጨት ደግሞ ራሱ ያዝገዋል። ሦስተኛው ጥቂት ቦታ ብቻ የሚነሳ ቢሆንም የማያሻማ ነው፦ ብረት የኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድን ያውካል። በኒው ሜክሲኮ አልበከርኪ አጠገብ በ1970ዎቹ ተጀምሮ በ1980 ያለቀው አትላስ-1 የተባለ መድረክ፣ የአሜሪካ አየር ኃይል የኑክሌር ፍንዳታ የሚያመጣውን የኤሌክትሮማግኔቲክ ምት በግዙፍ አውሮፕላኖች ላይ የሚሞክርበት ነበር። ከተነባበረ እንጨት የተሠራው፣ ከመጋጠሚያዎቹም ብረት በተቻለ መጠን የራቀው ለዚህ ነው። ከከባድ ብረት አልባ ግንባታዎች አንዱ የመጣው ከጦር ኃይል እንጂ ከተፈጥሮ ወዳጆች አለመሆኑ የሚገርም ነው። በ1935 በዛሬዋ ፖላንድ ግሊቪትሴ የቆመው፣ ከ110 ሜትር በላይ የሚረዝመው የሬዲዮ ማማ ግን ከዚህ ቁጥር አይገባም፤ ከ16,000 በላይ የሚሆኑት ብሎኖቹ ብረት ባይሆኑም ናስ ናቸውና።

አራተኛው ክስ ስለ ብረቱ ሳይሆን በብረቱ ላይ ስላለው መተማመን ነው። በነሐሴ 2022 በኖርዌይ የትሬተን ድልድይ ወደቀ፤ ሰው አልሞተም። ድልድዩ ከተነባበረ እንጨትና ከብረት የተሠራ ነበር። ምርመራው ያሳየው በመጋጠሚያው ላይ በተነዱት ዘንጎች ዙሪያ ያለው እንጨት እንደ አንድ ብሎክ ተገሽልጦ መውጣቱን ነው። ብረቱ አልተሰበረም፤ በተለመደው ቀመር ላይ ጎልቶ የማይታየው የእንጨቱ አሰባበር ቀደመው። ብረት ማስገባት ከላይ የተነሳውን የ38 እጥፍ ችግር ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም።

አራት ዓይነት ነገር በአንድ ስም

«ብረት አልባ» የሚለው ስያሜ ምን እንደሌለ ይናገራል እንጂ ምን እንዳለ አይናገርም። በሥሩ ቢያንስ አራት ባሕርያቸው የማይመሳሰል ቤተሰቦች አሉ፦ እንጨቱ ራሱ ተቀርጾ የሚያያዝባቸው፣ ሌላ የእንጨት ማያያዣ የሚገባባቸው፣ ሙጫ የሚይዛቸው፣ በፋይበርግላስ ወይም በካርቦን ክር የሚሠሩ። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ዓይነቶች በአንድ ወገን «ተፈጥሯዊ አይደሉም» ተብለው ይገለላሉ፤ በሌላ ወገን ደግሞ ከሁሉ የተሻሉ ናቸው ይባላል። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው ተከራካሪዎቹ ስለ ተለያየ ቤተሰብ እየተናገሩ መሆናቸውን ሳያስተውሉ ነው።

በቅርጽ መያዝ

ቅርጻዊው መጋጠሚያ የተመለሰው በኮምፒውተር ነው። የጀርመኑ ሁንዴገር በ1980ዎቹ ያቀረባቸው አውቶማቲክ የአናጢ ማሽኖች፣ አንድ ባለሙያ በመሮና በመጋዝ ሰዓታት የሚያጠፋበትን ወንዴና ሴቴ በደቂቃዎች ማውጣት ጀመሩ። የጉልበት ዋጋው ሲወርድ፣ ከ150 ዓመት በፊት በዋጋ የተሸነፈው አሠራር በዋጋ ተመልሶ መጣ።

የዘመኑ ታዋቂ ምሳሌ በ2013 በዙሪክ የተጠናቀቀው ባለ ሰባት ፎቅ የታሜዲያ ሕንፃ ነው። ንድፉ የጃፓናዊው አርክቴክት ሺገሩ ባን፣ የእንጨት ምሕንድስናው የስዊዙ ኸርማን ብሉመር ነው። ምሰሶውን ከግራና ከቀኝ የሚያቅፉት ጥንድ አግዳሚዎች ላይ ሁሉንም አቋርጦ የሚያልፈው አባል ሞላላ ነው። ክብ ቢሆን ኖሮ አግዳሚው በዙሪያው ይሽከረከር ነበር፤ ሞላላ በመሆኑ መሽከርከር ሲሞክር ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር ይታገላል። ግንኙነቱ ማዕዘኑን ጠብቆ የሚይዘው በዚህ ቀላል የቅርጽ ለውጥ ነው። ለዚህ ግን ቀዳዳውና አባሉ በማሽን ብቻ በሚገኝ ትክክለኛነት መገጠም አለባቸው።

በሎዛን የሚገኘው የኢፒኤፍኤል የእንጨት ግንባታ ቤተ ሙከራ፣ በኢቭ ዌናንድ መሪነት፣ ሌላ መንገድ ያዘ። በ2017 የተከፈተው የቪዲ ቴአትር አዳራሽ ከታጠፉ ስስ የእንጨት ገበታዎች የተሠራ ሲሆን፣ ገበታዎቹ እርስ በርስ የሚሰካኩት በጠርዛቸው ላይ በተቆረጡ ምላሶች ነው። የእያንዳንዱ ምላስ ማዕዘን ስለሚለያይ ቅርጹን የሚያወጣው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ምላሱ እዚህ ሁለት ሥራ አለው፤ ሸክም ያስተላልፋል፣ ገጣጣሚዎቹንም ገበታው የት እንደሚገባ ይመራቸዋል። የኦስትሪያው ኤክስ-ፊክስ ደግሞ በመስቀለኛ የተነባበሩ የግድግዳ ገበታዎችን ለማያያዝ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ፣ ጫፎቹ ሰፍተው ወገቡ የጠበበ ጥንድ ሽብልቅ ያቀርባል፤ በመዶሻ ሲመታ ሁለቱን ገበታዎች ስቦ ያጣብቃል።

የዚህ ቤተሰብ ዕዳ በቀላል ሂሳብ ይታያል። 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ምሰሶ ላይ ለ50 ሚሊ ሜትር ምላስ ቀዳዳ ሲወጣ የምሰሶው ሩብ ይሄዳል፤ ከሌላ አቅጣጫ ሁለተኛ አግዳሚ ከመጣ ደግሞ የቀረው ይሸረሸራል፤ ያውም ሸክም በሚበዛበት ቦታ። ስለዚህ ምሰሶው ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመጋጠሚያው ሲባል መወፈር አለበት። ብረት ላለመጠቀም ተብሎ የሚጨመረው እንጨት በአካባቢ ጥቅም ስሌት ውስጥ መግባት ሲገባው ብዙውን ጊዜ አይገባም።

የእንጨት ካስማ ሲሰበር

ከአራቱም ቤተሰቦች በቅርብ መታየት ያለበት ሁለተኛው ነው። ወንዴውን በሴቴው ውስጥ የሚያግደው ክብ ካስማ ለዓይን ቀላል ነው፤ አሠራሩ ግን ዕውቀት ይጠይቃል። ጥሩ ካስማ በመጋዝ አይቆረጥም፣ ይፈለጣል፤ ሲፈለጥ ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ ስለሚሄድ ሲጎብጥ አይቀነጠስም። የምላሱ ቀዳዳ ሆን ተብሎ ከሴቴው ቀዳዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ምላሱ ሥር ይዛነፋል፤ ካስማው ሲመታ ጠመም ብሎ ያልፍና መጋጠሚያውን ስቦ ያጠብቀዋል። የደረቀ ካስማ ገና ካልደረቀ ኦክ ውስጥ ሲገባ ደግሞ፣ ዓመታት ሲያልፉ ኦክው እየተኮማተረ ያንቀዋል።

በዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች የአሜሪካ ተቋማት የተደረጉ ሙከራዎች እንዲህ ያለው መጋጠሚያ ሲጎተት በምን በምን እንደሚሰበር ለይተዋል። ካስማው ራሱ ከክሩ ተሻግሮ ሊቆረጥ ይችላል፤ ከካስማው ኋላ ያለው የምላሱ ጫፍ ተገፍቶ ሊወጣ ይችላል፤ የሴቴው ጎን ሊሰነጠቅ ይችላል። የዮሃንሰን ቀመር የመጀመሪያውን አያውቀውም፤ የብረት ዘንግ እንዲህ ተቆርጦ አያውቅምና። አሜሪካኖቹ ለዚህ ክፍተት ያወጡት መልስ በእንጨት ማዕቀፍ መሐንዲሶች ምክር ቤት የተዘጋጀው ቲኤፍኢሲ 1 የተባለ መመሪያ ነው። የመመሪያው መንፈስ ግልጽ ነው፦ መጋጠሚያው የሚሰበር ከሆነ በካስማው እንዲሰበር፣ ከጫፍና ከጠርዝ በቂ ርቀት ይሰጠው። የሚቀየረው ካስማ ነው፤ የተሰነጠቀ ምሰሶ አይቀየርም።

ካስማ ሳንቃን ከሳንቃ ለማያያዝም ይውላል። በጀርመን ዩልየስ ናተረር በ1970ዎቹ ያስፋፋው፣ ሳንቃዎችን በጎናቸው አቁሞ በምስማር የማሰለፍ አሠራር በ1990ዎቹ ምስማሩን በቢች ካስማ ተካ። ካስማው ከ10 በመቶ በታች እርጥበት እስኪቀረው ይደርቅና ከእሱ ይበልጥ እርጥብ በሆነው ሳንቃ ውስጥ ይገባል። ከሳንቃው እርጥበት ስቦ ሲያብጥ ይጣበቃል። የኦስትሪያው ቶማ «ሆልትስ 100» በሚለው ስም ሙሉ ግድግዳዎችን በዚህ መንገድ ያመርታል፤ በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያም ስትራክቸርክራፍት ለወለልና ለጣሪያ ይሠራበታል። በዚህ ሥራ ካስማው የሚጠየቀው ሳንቃዎቹን አብሮ መያዝ እንጂ ሕንፃውን በማዕዘን መያዝ አይደለም። ስለዚህ በወለል ላይ የታየን ስኬት ለምሰሶ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ስህተት ነው፤ የአምራቾች ማስታወቂያ ግን ይህን ድንበር ይዘልለዋል።

የካስማውን አቅም ለማሳደግ ሁለት መንገዶች ተሞክረዋል። አንዱ መጨመቅ ነው፤ እንጨቱ በሙቀት ለስልሶ በፕሬስ ሲጨመቅ እፍጋቱ ከእጥፍ በላይ ያድጋል። በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የኮማትሱ ቡድን በተጨመቀ የጃፓን ሴዳር ላይ ሠርቷል። በአውሮፓም የሊቨርፑል፣ የሎሬን፣ የድሬስደንና የጎልዌይ ተመራማሪዎች ያለ ሙጫና ያለ ብረት የሚሠራ ሕንፃን ዓላማው ባደረገ የጋራ ፕሮጀክት ሞክረውታል። የተጨመቀ ካስማ አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ እርጥበት ሲያገኝ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ለመመለስ ይገፋልና በቀዳዳው ውስጥ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይጠብቃል። ይህ በጎ ነው ወይስ እንጨቱን ከውስጥ የሚሰነጥቅ አደጋ ነው የሚለው በእንጨቱ ዓይነትና በእርጥበቱ ይለያያል፤ አንድ አጠቃላይ መልስ አልተገኘለትም።

ሌላው መንገድ ማበየድ ነው። በስዊዝ ቢልና በፈረንሳይ ኤፒናል በ2000ዎቹ መጀመሪያ የእነ ፒዚና ግፌለር ቡድኖች 10 ሚሊ ሜትር ካስማን በ8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ በደቂቃ ከ1,000 ዙር በላይ እያሽከረከሩ አስገቡት። በሰበቃው ሙቀት በክሮቹ መካከል ያለው ሊግኒን ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ያለ ምንም ሙጫ ይያያዛል፤ ሁሉም የሚያልቀው በሴኮንዶች ነው። የኦስትሪያው ቤክ በአየር ግፊት የሚመታ «ሊግኖሎክ» የተባለ የእንጨት ምስማር ለገበያ ሲያቀርብም የጠቀሰው ይህንኑ ሰበቃ ነው። የብየዳው ድክመት የታወቀ ነው፤ ውኃ ይፈታዋል። ስለዚህ እስካሁን ያለው ቦታ የቤት ውስጥ ዕቃና ደረቅ ክፍል ነው።

ሙጫ፤ በጣም የምናምነውና በጣም የምንፈራው

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ኦቶ ኸትሰር በ1906 በጀርመን የፈጠራ መብት ካገኘበት ጊዜ አንሥቶ የተነባበረ እንጨት ሁሉ በሙጫ ይያዛል፤ በዛሬው ምርት ደግሞ ሳንቃዎቹ ጫፍ ለጫፍ የሚቀጠሉት እንደ ጣት በተጠላለፉ ጥርሶች ላይ በተቀባ ሙጫ ነው። በ2019 በኖርዌይ ብሩሙንዳል ያለቀው፣ 85.4 ሜትር የሚረዝመው ሚዮስቶርኔት የተባለ የእንጨት ሕንፃ መጋጠሚያዎቹ ላይ ላሜራና የብረት ዘንግ አለው። በእያንዳንዱ ምሰሶው ውስጥ ግን ቁጥር ስፍር የሌለው ብረት አልባ መጋጠሚያ አለ፤ ሕንፃው ቆሞ የሚያድረው በእነሱም ነው። ስለዚህ «ብረት አልባ መጋጠሚያ ዘመናዊ ሕንፃ ይሸከማል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዘግይቷል።

የሚለየው የት ተሠራ የሚለው ነው። በፋብሪካ ሙቀቱ፣ እርጥበቱና ግፊቱ ቁጥጥር አለበት፤ በግንባታ ቦታ የለም። ስህተት ቢኖር ደግሞ ሙጫ አያስጠነቅቅም። በጥር 2006 በባቫሪያ ባድ ራይኸንሃል የበረዶ ሸርተቴ አዳራሽ ጣሪያ በከባድ በረዶ ተደርምሶ 15 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ሳጥን መሰል አግዳሚዎች የተጣበቁት በዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ሙጫ ነበር። በእርጥብ አዳራሽ ውስጥ ሙጫው ለሠላሳ ዓመት ቀስ በቀስ ሲበላ ከውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም። ከስሌት ስህተትና ከጥገና ጉድለት ጋር ተደምሮ አደጋው መጣ። ከዚያ ወዲህ በጀርመን ሰፋፊ ጣሪያ ያላቸው የእንጨት አዳራሾች በብዛት ተፈተሹ። ሙጫ ሲነሳ የመሐንዲሶች ፊት የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥፋቱ የአንድ ሙጫ ዓይነት ያለ ቦታው መዋል ሆኖ ሳለ ጥርጣሬው ለሁሉም ተርፏል።

ያም ሆኖ በጣም ደፋሩ የዘመኑ ሙከራ የሙጫ ነው። ቲኤስ3 የተባለው የስዊዝ ዘዴ፣ በቲምባቴክና በአጋር ዩኒቨርሲቲዎች የተዘጋጀ፣ በመስቀለኛ የተነባበሩ ገበታዎችን ጠርዝ ለጠርዝ በጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት አስቀምጦ ክፍተቱን በሁለት ውሁድ ፖሊዩሪቴን ይሞላዋል። ጠርዙ በፋብሪካ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ግፊት አያስፈልግም። የእንጨት ጫፍ በሙጫ አይያዝም የሚለውን የአናጢዎች የቆየ እምነት የሚፈታተን ነው፤ ከተሳካም እንደ ኮንክሪት ሶሌታ በሁሉም አቅጣጫ ሸክም የሚያከፋፍል የእንጨት ወለል መሥራት ይቻላል። ነገር ግን የግንባታ ቦታው ሙቀት ከተወሰነ በታች ሲወርድ ሥራው ይቆማል።

አራተኛውን ቤተሰብ በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በእንግሊዝ ባዝ ዩኒቨርሲቲ የፋይበርግላስ ዘንጎችን ከታመቀ የኮምፔንሳቶ ገበታ ጋር አጣምረው ሞክረዋል። ገበታው ቀድሞም በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ውስጥ የሚያገለግል፣ በማጣበቂያ የታመቀ ስስ የቢች ንጣፍ ነው። መጋጠሚያው አይዝግም፣ ሙቀትም አያስተላልፍም። በዋጋው እና ማጣበቂያው በእሳት ሙቀት በመልፈስፈሱ ግን ከልዩ ሥራዎች ውጪ አልተስፋፋም።

መንቀጥቀጥ ሲመጣ

አቋሞች በግልጽ የሚጋጩት በመሬት መንቀጥቀጥ ላይ ነው። ብረት ሲጎብጥ ጉልበት ይውጣል፤ ሕንፃውም ከመውደቁ በፊት ያስጠነቅቃል። ደጋፊዎቹ የሚያነሱት ታሪክም ጠንካራ ነው። በጥር 1995 በጃፓን በኮቤ መንቀጥቀጥ ከ6,400 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ብዙዎቹ በወደቁ አሮጌ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ነበሩ፤ የምሰሶ ምላሶች ከመሠረት እንጨቱ ተነቅለው መውጣታቸው ታየ። በ2000 የጃፓን መንግሥት የምሰሶ እግርና ራስ በተወሰነ የብረት ማያያዣ እንዲታሰር የሚያዝዝ መመሪያ አወጣ። የእንጨት መጋጠሚያ ጥበብ ቁንጮ የሚባል አገር ብረትን በሕግ አስገደደ።

ተቃራኒው ወገን ያንኑ አደጋ በሌላ መልኩ ያነበዋል። የወደቁት ቤቶች ከባድ የሸክላ ጣሪያ፣ ጥቂት ግድግዳና የበሰበሰ እግር ነበራቸው፤ መጋጠሚያው ብቻውን አልጣላቸውም። ደግሞም ሁሉም የእንጨት መጋጠሚያ አንድ አይደለም። ምሰሶዎችን በቀዳዳ አቋርጦ በሽብልቅ የሚጠብቅ አግዳሚ፣ ጃፓኖች ኑኪ የሚሉት፣ ሲንቀጠቀጥ በምሰሶው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ይጨመቃል። እንጨት ከክሩ ተሻግሮ ሲወጠር በድንገት ይሰነጠቃል፤ ከክሩ ተሻግሮ ሲጨመቅ ግን እየተደቆሰ ሸክሙን ይዞ ይቆያል። ይህ ልዩነት፣ በኔ ግምት፣ የጠቅላላው ጥያቄ ቁልፍ ነው። ተለማጭነት የብረት ብቻ ጠባይ አይደለም፤ መጋጠሚያው ከመሰንጠቅ በፊት መጨመቅ እንዲቀድም ሆኖ ከተቀረጸ እንጨትም አለው። በ2005 ሥራ በጀመረው፣ ኢ-ዲፌንስ በተባለው የጃፓን ግዙፍ የመንቀጥቀጫ ጠረጴዛ ላይ የተሞከሩት ባሕላዊ አሠራር ያላቸው ሙሉ ቤቶች፣ ብዙ ተዛንፈውም ሳይወድቁ መቆየት እንደሚችሉ አሳይተዋል።

ሆኖም የተደቆሰ እንጨት ወደ ቦታው አይመለስም። ከመጀመሪያው ንቅናቄ በኋላ በቀዳዳውና በአግዳሚው መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ሁለተኛው ንቅናቄ ሲመጣ ቤቱ በዚያ ክፍተት ያህል ሳይቃወም ይወዛወዛል። ለባለ ሁለት ፎቅ ቤት ሽብልቁን እንደገና መምታት ይበቃል፤ ለባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ መወዛወዙ ራሱ ብልሽት ነው። ከፍታ ሲጨምር የሚፈለገው ግትርነት ነው፤ ከብረት አልባዎቹ ውስጥ ግትር የሆነው ሙጫ ነው፤ ሙጫ ደግሞ ተለማጭ አይደለም። ከዚህ ወጥመድ ያለ ብረት ወጥቶ መንቀጥቀጥ በሚበዛበት አገር የቆመ ዘመናዊ ረጅም ሕንፃ አይታወቅም።

ክርክሩ ዛሬ የቆመበት

የአካባቢ ጥበቃ ክርክሩ ከሚባለው በላይ የተወሳሰበ ነው። በአንድ የእንጨት ሕንፃ ውስጥ ያለው የማያያዣ ብረት ከጠቅላላ ክብደቱ ጥቂቱ ነው፤ እሱን ለማስቀረት እንጨቱ ከወፈረ ትርፉ ይቀንሳል። ጠንካራው ነጥብ ሌላ ነው፦ ሕንፃው ሲፈርስ እንጨቱ ብረት ካልተቀላቀለበት በቀላሉ ተሰንጥቆ ዳግም ይሠራበታል። እዚህም ላይ ግን መለየት ያሻል። ብሎን በመፍቻ ይፈታል፤ አብጦ የተቀረቀረ የቢች ካስማ አይፈታም። ለመፍታት የሚመቸውና መልሶ ለመጠቀም የሚመቸው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ ብዙ ጽሑፎች ሁለቱን ያምታታሉ።

ከሁሉም በላይ የሚያዘገየው ስሌቱ ነው። የኮድ ድጋፍ የሌለው መጋጠሚያ የሚጠቀም መሐንዲስ ለእያንዳንዱ ሕንፃ ሙከራ ማሠራት፣ ፈቃድ ሰጪውንና መድን ሰጪውን ማሳመን አለበት። ታሜዲያን የመሰለ ባለጸጋ አሠሪ ይህን ይችለዋል፤ የመንደር ትምህርት ቤት አሠሪ አይችለውም።

ስሌቱ እንዲመጣ ደግሞ ጊዜ ስለሚባለው ነገር መስማማት ያስፈልጋል። እንጨት ለአጭር ጊዜ የሚችለውን ሸክም ለዘላለም አይችልም። ዩሮኮድ 5 በደረቅ ክፍል ላለ የተነባበረ እንጨት ለአጭር ጊዜ ሸክም ጥንካሬውን በ0.9፣ ለቋሚ ሸክም በ0.6 ያባዛዋል። እነዚህ ቁጥሮች የወጡት ካልታመቀ እንጨት ነው። አሁን በቤተ ሙከራ የሚሰበሩት ካስማዎች ግን አብዛኞቹ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጎተቱ ናቸው። በግማሽ ውፍረቱ የተጨመቀ፣ በየክረምቱ ለማበጥ የሚገፋ፣ በየበጋው የሚኮማተር ካስማ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሸክም ይዞ ሲቆይ 0.6 ይበቃዋል ወይስ ይበዛበታል በሚለው ላይ ተመራማሪዎቹ ገና አልተስማሙም።